የባላምባራስ ድፍን አረር

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። ቃል አንድ ጊዜ ካመለጠ ገደል እንደ ገባ ይቈጠራል፣ የሚመልሰው የለም ለማለት ነው። ስለ ጥይት ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም፤ ጥይትማ ከወጣ በኋላ እንደማይመለስ ለማን ይነገራል ብለው ይሆናል። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በድሬዳዋ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ባላምባራስ አጥናፍሰገድ የተባሉ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ጥይትም ቃልም በተከታታይ ቀን አመለጣቸው። ከሁለቱ አንዱ ተመልሶ መጣ። የመጣው ቃሉ አልነበረም።

ባላምባራስ አጥናፍሰገድ እጃቸው ንጹሕ ሰው ነበሩ። ይህ በመሥሪያ ቤት ሲነገር ምስጋና ነው፤ ጉቦ አልቀመሱም ማለት ነው። በሠርግ ቤት ሲነገር ግን ስድብ ነው፤ ምንም አልገደሉም ማለት ነው። ማዕረጉን ያገኙት በብዕር እንጂ በጦር አልነበረም። በዕድሜያቸው የጣሉት እንስሳ ቢኖር፣ ከዚራ በተባለው ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር በብስክሌት ሲያልፉ የገጩት አንድ አውራ ዶሮ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጥቂት ተኝቶ ካሰበ በኋላ ተነሥቶ ሄዷል።

ይህ ንጽሕና ያሳፈራቸው ልጃቸው ጸዳለ ለቀኛዝማች ወንድይራድ ልጅ በታጨች ጊዜ ነው። ቀኛዝማች በጦርነቱ የሠሩትን የሚያውቅ ሰው ባይገኝም፣ በአደን የሠሩትን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እርሳቸው ለሁሉም ይነግሩ ነበርና። በበዓል ቀን የአንበሳ ጎፈር ከራሳቸው አይለይም። የጎፈሩ ጠጉር እኩሌታው ረግፎ እኩሌታው ቆሞ ሲታይ፣ አንበሳው በሕይወት ሳለ ተስቦ ይዞት የነበረ ይመስል ነበር።

በልማድ በሠርግ ቀን፣ ጠጁ ራስ ላይ ሲወጣ፣ ሁለቱ አባቶች በየተራ ተነሥተው ይፎክራሉ። ግዳይ የሌለው አባት ይቀመጣል። ሲቀመጥም የወንዱ ወገን አዝማሪ ግጥም ያወርድበታል፤ ግጥሙም ሙሽራይቱን ተከትሎ ባሏ ቤት ይገባል፤ ከባሏ ቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ገበያ ይወጣል። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ጸዳለን ሊያጩ በመጡበት ቀን አዝማሪው ለሙከራ ያህል አንድ አወረደ፤

«የሙሽራዋ አባት ምን ገደለ ቢሉ፣
ቀለም አፈሰሰ፣ ዝንብ ገደለ አሉ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጸዳለ አንገቷን ደፋች። ባላምባራስም ሳቁ፤ ያልሳቀ ሰው እንደ ተነካ ይታወቅበታልና።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ ብርሌውን እየሰበሰቡ፣ «ግጥሙ ቤት ይመታል» አሉ።

«የኔነሽ!»

«ምን ላድርግ፣ ይመታላ! ክፉ ግጥም ቢሆን ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? ለሠርጉ ደግሞ አስፍቶ ይዞት ይመጣል። ያን ጊዜ ልጅቱ በየት ትግባ?»

ባላምባራስ በዚያች ሰዓት የልጃቸው አንገት በአንዲት ግጥም ሥር እንደ ወደቀ፣ የሚያነሣውም ቢያንስ አንድ ትልቅ አውሬ እንደ ሆነ ተረዱ።

አውሬው ሳምንት ሳይሞላ ተገኘ። ያገኙላቸውም ራሳቸው ቀኛዝማች ወንድይራድ ነበሩ።

«ሁርሶ ዙሪያ አንድ አንበሳ የሶማሌዎቹን ግመል እያነቀ ነው» አሉ፣ በባላምባራስ ወንበር ላይ ተንሰራፍተው። «አብረን እንውረድ። እግዜር ከፈቀደ እርስዎም አንድ ነገር ጥለው ይመለሳሉ።»

«ካልፈቀደስ?»

«ካልፈቀደ እኔ ስጥል ያዩና በሠርጉ ላይ ይመሰክሩልኛል። መቼም ለመመስከር ፊደል ማወቅ ይበቃል።»

የአደን ሕግ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ባለ ግዳይ ይባላል። ኋላ የደረሰው ሰው አውሬውን ቢጨርሰውም አጋዥ እንጂ ገዳይ አይባልም። ባላምባራስ ይህን ሕግ ከሰሙት ጀምሮ ወደዱት። አንበሳን መግደል ከባድ ነው፤ አንበሳን መጀመሪያ መንካት ግን ለቸኮለ ሰው ሁሉ የተሰጠ ዕድል መሰላቸው። ስለ ሆነም ከወንድማቸው ምንሽር ጠመንጃ ተውሰው፣ ጥይት ሊገዙ ወደ ከዚራ ወጡ።

ከዚራ ውስጥ ሙሴ አርሻቪር የተባለ አርመን ባርኔጣ፣ ሽቶና ጥይት በአንድ የመስተዋት ሣጥን ደርድሮ ይሸጥ ነበር። ዕድሜውን በድሬዳዋ ሲጨርስ አማርኛን ለምዶ «አንቱ»ን ሳይለምድ የቀረ ሰው ነው።

«ምን ልትገድል ነው?» አለ።

«አንበሳ» አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸውን ሲሰሙት ራሳቸው ደነገጡ።

ሙሴ አርሻቪር ሁለት ጥይት አውጥቶ በመስተዋቱ ላይ አቆመ። ቁመታቸው እኩል፣ ቀለሃቸው አንድ ዐይነት ነው፤ የሚለያዩት በአናታቸው ነበር። የአንደኛው አረር ጫፍ መዳቡን አውልቆ እርሳሱ ራቁቱን ወጥቶ ደንዟል። ሁለተኛው ከአናት እስከ ግርጌ መዳብ ለብሶ ያብረቀርቃል።

«ይሄ አፈ እርሳስ ነው» አለ ሙሴ፣ ራቁቱን በጣቱ እየነካ። «ሥጋ ሲያገኝ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ አይወጣም። ለአንበሳ፣ ለአጋዘን፣ ለሳላ ጥሩ ነው። ይሄ ደግሞ ድፍን። አይዘረጋም። ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለዝሆን፣ ለጎሽ ነው፤ አጥንቱ ወፍራም ለሆነ።»

«ድፍኑ አንበሳ አይገድልም?»

«ይገድላል። ግን አንበሳ ቶሎ አይገባውም። ሞቶ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል… ኋላ ይወድቃል።»

ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው አሰቡ። ነገርን ከሥሩ መመርመር የሚወዱ፣ ለመሥሪያ ቤት ደረጃና ቅደም ተከተልም ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ዝሆን ከአንበሳ ይገዝፋል። ለዝሆን የተሾመ ጥይት ለአንበሳ ከተሾመው ጥይት በማዕረግ ይበልጣል። ደጃዝማችን ያዘዘ ሰው ግራዝማችን ማዘዝ እንዴት ያቅተዋል? ደግሞም ያ አፈ እርሳስ የሚሉት አናቱ እንደ ተራ ባለጉዳይ የተራቆተ ነው፤ ድፍኑ ግን ካባውን እንደ ደረበ መኳንንት ቆሟል።

«ቀኛዝማች ወንድይራድ የትኛውን ነው የሚወስዱት?»

«አፈ እርሳስ። ሁልጊዜ አፈ እርሳስ።»

ይህ ነገሩን ቈረጠው። «እንግዲያውስ ድፍኑን ስጠኝ።»

«ድፍን በጣም ጥሩ ነው! ለአንበሳ ከሁሉ ይበልጣል» አለ ሙሴ አርሻቪር ሳያመነታ። ድፍኑ ጥይት ከመደርደሪያው ላይ ገዢ አጥቶ አቧራ ሲለብስ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ የኔነሽ አንዱን ጥይት አንሥተው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ያልፋል ነው ያሉኝ?»

«ቀጥ ብሎ ያልፋል።»

«ወዴት?»

«ወዴት ማለትሽ ምንድን ነው? ወደ ማዶ ነዋ!»

«ማዶስ ማን አለ?»

ባላምባራስ ይህን የአደን ሕግ ከማያውቅ ሰው የመጣ ጥያቄ አድርገው አለፉት።

ሁርሶ የደረሱት በባቡር ነው። በጣቢያው የተቀበላቸው ዐያንሌ የተባለ የአካባቢው ዱካ ተከታይ ሲሆን፣ እርሱም በዚያች ሌሊት ካሂን በተባለ የግመል ባለቤት መንደር አሳደራቸው። ካሂን ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ንግግሩን የሚቆጥብ ሰው ነው። ሲነጋ ከሁሉ የሚወዳትን ግመል ራሱ አልቦ፣ ወተቱን ገና ሞቅ እንዳለ በእንጨት ዕቃ አቀረበላቸው።

«ጥቂት ጠጣ» አላቸው ዐያንሌ ለባላምባራስ። «ያልለመደ ሰው በጥቂቱ ነው የሚጠጣ።»

ቀኛዝማች ግን ዕቃውን አንሥተው አንድ ጊዜ ጨለጡትና ጢማቸውን ጠረጉ። ባላምባራስ ይህን አይተው የራሳቸውን እስከ ግርጌው ጨለጡ፤ ይጨመርልኝም አሉ። ካሂን ደስ ብሎት ጨመረላቸው። የግመል ወተት ያልለመደውን ሆድ ምን እንደሚያደርገው በድሬዳዋ የማያውቅ የለም፤ ባላምባራስም ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያች ጠዋት በወተት እንኳ መበለጥን አልፈለጉም።

ዐያንሌ ቀኛዝማችን በደረቁ ወንዝ አፍ ላይ፣ አንበሳው ያልፋል ተብሎ በሚታሰብበት ስፍራ አስቀመጣቸው። ባላምባራስን ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ ባለ ኩይሳ ጀርባ፣ አንበሳው አያልፍም ተብሎ በሚታሰብበት ስፍራ አኖራቸው። የመንደሩ ሰዎች ከላይ ቆርቆሮ እየደበደቡ ሊያባርሩት ወጡ።

ቆርቆሮው ከመሰማቱ በፊት ወተቱ ተሰማ። ባላምባራስ ግራ ቀኝ አይተው፣ ጠመንጃቸውን በኩይሳው ላይ አስደግፈው፣ ሱሪያቸውን ፈትተው ተቀመጡ። አንበሳው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሊሄድበት የተወሰነለትን መንገድ ትቶ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ርቀት ላይ ከቁጥቋጦው ወጣና ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ባላምባራስ ጸሎት ለመጀመር አስበው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አቀማመጥ ላይ ሆኖ የቅዱሳንን ስም መጥራት ነውር መሰላቸው። ስለዚህ ጠመንጃውን ስበው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ቃታውን ሳቡ። ሰደፉ ትከሻቸውን ሲመታቸው ወደ ኋላ ቁጭ አሉ። የተቀመጡበትን ቦታ መግለጥ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም።

ዐይናቸውን ሲገልጡ አንበሳው እንደ ቆመ ነው። ፊቱን አዙሮ፣ «ነገ ተመለስ» እንደ ተባለ ባለጉዳይ ለጥቂት ጊዜ ተመለከታቸውና፣ በዝግታ ወደ ወንዙ አፍ ወረደ። ወዲያው ከታች ተኩስ ተሰማ፤ ተኩሱን ተከትሎም «ዘራፍ!» የሚል ድምፅ ሸለቆውን ሞላው።

ባላምባራስ ልብሳቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ቀኛዝማች እግራቸውን በአንበሳው አንገት ላይ ጭነው ሦስት ጊዜ ፎክረው ነበር።

«እኔ ነኝ መጀመሪያ የመታሁት!» አሉ ባላምባራስ እያለከለኩ። «እኔ ነኝ! ጎኑን!»

«እርስዎ?» ቀኛዝማች ከራስ እስከ እግር አይዋቸው፤ አፍንጫቸውንም ያዝ አደረጉ። «እርስዎስ የመታዎት ነገር ያለ ይመስላል።»

የመንደሩ ሰዎች አንበሳውን ገፈፉት። ከታፋው ውስጥ እንደ አበባ የፈካ አንድ አፈ እርሳስ ወጣ። ከጎድኑ ግን ጠባብ ቀዳዳ እንጂ ምንም አልተገኘም፤ ከግራ ገብቶ በቀኝ የወጣ ቀዳዳ።

«ይኸው! የእኔ ነው!» አሉ ባላምባራስ። «ድፍን ስለ ሆነ አልፎ ሄደ!»

«ይህማ የሳላ ቀንድ ነው የወጋው» አሉ ቀኛዝማች። «አረርዎ የታለ?»

«አለፈ እኮ ነው የምልዎት!»

«የእኔ እዚህ አለ። የርስዎ አለፈ። እኔም በወጣትነቴ ብዙ አንበሳ አልፎኛል።» ገፋፊዎቹ ሳቁ። ቀኛዝማች ሳቁን ሲሰሙ ሞቃቸውና ቆዳውን አንሥተው በትከሻቸው ጣሉት፤ እጃቸውንም ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ስሙኝ! ንጉሥ ይሙት! ያንን አለፈ የሚሉትን አረር ያመጣልኝ ሰው፣ ይህን ቆዳ ከትከሻዬ አውርጄ አለብሰዋለሁ!»

ባላምባራስ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ በአራት እግራቸው አሸዋ ሲያበጥሩ ዋሉ። ያገኙት አንድ የዛገ የጫማ ምስማር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በሁርሶ ጣቢያ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ባቡር እየጠበቁ ሳለ ካሂን መጣ። ከኋላው ወንድሞቹ ነበሩ፤ ወገባቸው ላይ ጩቤ፣ እጃቸው ላይ ዱላ አለ። ካሂን አልጮኸም። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራ።

«ሰላም አለይኩም» አለ። «ትናንት ወተት አጠጣሁ። ዛሬ ግመሌን ሞታ አገኘኋት። ያቺኑ፣ ወተቷን የጠጣችሁትን። ከወንዙ ማዶ፣ ግራሩ ሥር። በጥይት ነው የሞተችው። ማነው?»

ባላምባራስ ዱላዎቹን አዩ፤ ጩቤዎቹን አዩ፤ በጣቢያው የተሰበሰበውን መንገደኛና ሁለቱን ፖሊሶች አዩ። ከዚያም ማንም ሳይጠራቸው ብድግ አሉ።

«ንጉሥ ይሙት! ከእኔ ጠመንጃ የወጣ ጥይት ወንዙን አልተሻገረም! እኔ ግመል አልነካሁም!»

«ወላሂ?» አለ ካሂን።

«ንጉሥ ይሙት አልሁህ እኮ!»

«እሺ።» ካሂን ጨብጦት የነበረውን መዳፉን ዘረጋ። «ታዲያ ይሄን ግመሌ ሆድ ውስጥ ማን አስቀመጠው?»

በመዳፉ ላይ አንድ አረር ተኝቷል። ከአናት እስከ ግርጌ መዳብ የለበሰ፣ ጥቂት ከመጫጫሩ በቀር በሙሴ አርሻቪር መስተዋት ላይ ቆሞ እንደ ነበረው ሆኖ ያብረቀርቃል።

ዐያንሌ ተንበርክኮ በጣቱ አፈሩ ላይ መስመር ሰመረ። «ኩይሳው እዚህ፣ አንበሳው እዚህ፣ ወንዙ፣ ግራሩ እዚህ። አቦ፣ ቀጥ ያለ ነው! አንድ ጥይት ነው። አንበሳውን በስቶ ነው የመጣው።»

ባላምባራስ አረሩን አዩ። ትናንት በአራት እግራቸው የፈለጉት፣ የልጃቸውን አንገት የሚያነሣው፣ ግጥሙን የሚያከስመው ያ አረር፣ እጃቸውን ቢዘረጉ በሚይዙት ስፍራ ቀርቦላቸዋል። «የእኔ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል። የግመሏን ካሣ ከፍለው አንበሳውን ይወስዳሉ። አፋቸውንም ከፈቱ።

«ባላምባራስ» አሉ ቀኛዝማች በለሰለሰ ድምፅ፣ ፖሊሶቹም እንዲሰሙ ጥቂት ከፍ አድርገው። «ቅድም በንጉሥ ምን ብለው ነበር የማሉት? ወንዙን አልተሻገረም? ሰምተናል። እንኳን የርስዎ አልሆነ።»

ባላምባራስ አፋቸውን ገጠሙ። በንጉሥ ሞት በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የእንዲህ ያሉትን ሰዎች መዝገብ በየመደርደሪያው የሚያስቀምጡት እርሳቸው ነበሩና። ልጃቸውን ከወህኒ ቤት ሆነው ሊድሩ አይችሉም።

«የአንተ ነው?» አለ ካሂን ወደ ቀኛዝማች ዞሮ።

«የእኔ አፈ እርሳስ ነው። ሰው ሁሉ አይቶታል።»

«ስለዚህ ይሄ ጥይት አባት የለውም።»

«የለውም» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ልጆቻቸው ከተጫጩ ወዲህ ሁለቱ ሹማምንት በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካሂን ጢሙን እየዳበሰ ጥቂት አሰበ። «ወርያ ዐያንሌ» ብሎ ጠራው። «ይሄ ሰውዬ ትናንት ቆዳውን ይዞ ምን ብሎ ነው የማለው?»

«ያለፈውን አረር ያመጣልኝ ሰው ቆዳውን አለብሰዋለሁ አለ። በንጉሥ ነው የማለው። እኔ ሰማሁ፣ የገፈፉትም ሰሙ።»

«አምጥቻለሁ» አለ ካሂን።

ቀኛዝማች ቆዳውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ቆይ፣ ቆይ! እኔ ያን ያልሁት ለባላምባራስ ነው!»

«አይ። "ያመጣልኝ ሰው" ነው ያልከው። እኔ ሰው አይደለሁም?»

ከመንገደኛው መካከል አንድ ሰው ሳቀ። ፖሊሶቹ ጠጋ አሉ፤ ነገሩ በንጉሥ ስም የተማለበት ከሆነ እነርሱንም ይመለከታል። ቀኛዝማች ወደ ባላምባራስ ተመለከቱ፤ ባላምባራስ ወደ ባቡሩ ሐዲድ ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ቀኛዝማች ወንድይራድ ቆዳውን ከትከሻቸው አውርደው፣ እንደ ማሉት በገዛ እጃቸው ለካሂን አለበሱት። ካሂን ወንድሞቹን አስከትሎ ሲሄድ የአንበሳው ጅራት ከኋላው አፈር ይጠርግ ነበር።

ባቡሩ ድሬዳዋ ሊገባ ሲል ቀኛዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባላምባራስ፣ ስለዚያ ጉዳይ…»

«የትኛው ጉዳይ?»

«እርሱን ነው የምለው። ምንም ጉዳይ የለም።»

«የለም። ስለ አዝማሪውስ?»

ቀኛዝማች በመስኮት አሻግረው አዩ። «አዝማሪ ነጻ ሰው ነው» አሉ። «እኔ አፉን እንዴት እይዛለሁ?»

ባላምባራስ ለባለቤታቸው የነገሩት አንበሳው እንዳልመጣ ብቻ ነው። ወይዘሮ የኔነሽ አመኑ፤ ያመኑትም እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የሠርጉን ቅቤ ሊገዙ ቀፊራ ገበያ ወርደው፣ ከቅቤ ሻጭ ደንበኛቸው ከሃዎ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ጢሙ የቀላ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ አገኙ። የሃዎ ወንድም ነው፤ የሚሸጥ የአንበሳ ቆዳ ይዞ ከሁርሶ መጥቷል። ቅቤው ተመዝኖ እስኪያልቅ ድረስ ታሪኩም አለቀ።

«ይሄን ነገር ምን ታደርግበታለህ?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ካሂን በጣቱ ሲያንከባልለው የነበረውን አረር እያዩ።

«ምንም። ቆዳውን አግኝቻለሁ።»

«እንግዲያው በቅቤው ላይ መርቅልኝ።»

ካሂን አያቸው፤ የማን ሚስት እንደ ሆኑም ገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። «ውሰጂ» አለ። «ባልሽን ሰላም በይልኝ። ወተት ጥቂት ጥቂት ይጠጣ በይው።»

ቤት ሲገቡ ባላምባራስ ደብተራቸውን እያነበቡ ነበር። ወይዘሮ የኔነሽ ቅቤውን አስቀመጡና፣ «ግመሏ እርጉዝ አልነበረችም፤ እግዜር ይመስገን» አሉ።

ደብተሩ ከባላምባራስ እጅ ወደቀ። «ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ በባቡር መጡ። ወሬ ትኬት አይቈርጥም፣ በእግሩም ይደርሳል።»

«ምዬአለሁ እኮ የኔነሽ! አሁን አፌን ብከፍት ወህኒ ነው የምወርደው። አለቀ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«እርስዎ ምለዋል» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ በነጠላቸው ጫፍ አንዲት ነገር እየቋጠሩ። «እኔ አልማልሁም።»

ሠርጉ በጥር ሆነ። ዳሱ ሞላ፤ ጠጁ ተቀዳ። ቀኛዝማች ወንድይራድ ያንን ተስቦ የያዘው ጎፈር ደፍተው ተነሡና እስኪያልባቸው ድረስ ፎከሩ፤ በእልልታም ተቀመጡ። ከዚያም ዐይን ሁሉ ወደ ሙሽራይቱ አባት ዞረ። ባላምባራስ ጉልበታቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። ጸዳለ በሚዜዎቿ መካከል ሆና አንገቷን ገና ግጥሙ ሳይመጣ ደፍታለች።

አዝማሪው መሰንቆውን ቃኘ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ የኔነሽ የወጥ ዕቃ ይዘው፣ እንግዳ እንደምታስተናግድ ደግ የቤት እመቤት፣ ወደ ቀኛዝማች ገበታ ቀረቡ። አንድ ጭልፋ ወጥ ጨመሩላቸው። በወጡ አጠገብም ከነጠላቸው ጫፍ የፈቱትን አረር አኖሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ቀኛዝማች የጎረሱትን ሳይውጡ።

«ያ ያለፈው ነው» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ ቀስ ብለው። «ያመጣ ሰው ምን ይለብሳል ነበር ያሉት? የሁርሶውን ነገር ለእንግዶቹ ማን ይንገራቸው? እርስዎ ይነግሯቸዋል፣ ወይስ እኔ ለአዝማሪው ልንገረው?»

«የሙሽራዋ አባት» ሲል ጀመረ አዝማሪው፣ «ምን ገደለ ቢ…»

«በንጉሥ አምላክ!» ቀኛዝማች ብድግ ሲሉ ብርሌው ተገለበጠ። መሰንቆው ቀጥ አለ። «ዝም በል! ይህ ሰው ምን እንደ ገደለ እኔ አውቃለሁ! በዐይኔ አይቻለሁ! ሌላ ሰው አይናገርም!»

ይህንንም ብለው ወደ ባላምባራስ ሄዱ፤ ጎፈሩን ከራሳቸው አውልቀው በባላምባራስ ራስ ላይ ደፉት። ዳሱ በእልልታ ሊነቀል ደረሰ። አዝማሪ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ አያጣውምና ወዲያው ዜማውን አዞረ፤

«ዝም አለ ብላችሁ ጀግናውን አትናቁት፣
አንበሳው ያውቀዋል፣ ሄዳችሁ ጠይቁት።»

«ይፎክሩ! ባላምባራስ ይፎክሩ!» አለ ሕዝቡ።

ባላምባራስ ተነሡ። ጎፈሩ ለቀኛዝማች ራስ የተሰፋ ስለ ነበረ እስከ ቅንድባቸው ወረደ። «ዘራፍ» የምትለዋ ቃል ከሆዳቸው ተነሥታ ጉሮሯቸው ላይ ደረሰች፤ ከንፈራቸውንም ነካች። ከከንፈራቸው ማዶ ግን ገደሉ ታያቸው። ቃሏን መልሰው ዋጧት፤ አንድ ጊዜ ሳሉና ተቀመጡ።

«አያችሁ» አለ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ፣ «እውነተኛ ገዳይ አይለፈልፍም።»

ባላምባራስ በጎፈሩ ጠጉር መካከል አሻግረው ሲያዩ ጸዳለ አንገቷን ቀና አድርጋ ትስቅ ነበር።

ካሂን ቆዳውን ለአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሸጦ ሁለት ግመል ገዛ።